በጾም የተቆጠሩ ውሾች

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017

ዛሬ አሥራ ሁለት ውሻ ቀባሁ። ጎህ ሲቀድ ጀምሬ ሰው ለታክሲ ሰልፍ ሳይወጣ ጨረስኩ። ቀለሙ በግ ነጋዴዎች በጎቻቸውን ምልክት የሚያደርጉበት ቀይ ነው፤ ከመካኒሳ በጠርሙስ አምጥቼ አልጋ ሥር ካስቀመጥኩት ሳምንት ሆኖታል። ብሩሹን መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬዋለሁ። ውሻው ፍርፋሪውን ሲበላ ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ሰረዝ ማድረግ ነው። አንዱ ብቻ ዞሮ አጉረመረመብኝ። ጆሮው የተቀደደ ቡናማ ነው። አልሸሸሁም። ከውሻ መሸሽ ያቆምኩት ባሌ ታሪኩ የሞተ ዓመት ነው።

ዘዴውን ያገኘሁት ሽፋን ከሌለው መጽሐፌ ነው። ድሮ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አጸዳ በነበረ ጊዜ ሊጣል ከተከመረው መካከል ያወጣሁት ነው። ስለ እንስሳት ብዛት የሚናገረውን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሁሉንም መቁጠር ካልቻልክ ጥቂቱን ያዝ፣ ምልክት አድርግ፣ ልቀቅ ይላል። ከቀናት በኋላ ያየኸውን ቁጠር፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ምልክት እንዳለው ስታውቅ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ ይነግርሃል።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወይዘሮ አምሳለ ባለፈው ሳምንት በሬ ላይ መጥታ፣ "እርስዎ ግራውንድ ነዎት፣ መስኮትዎም ወደ ቆሻሻ ገንዳው ነው። የውሻውን ነገር እስቲ ይመዝግቡልን፤ ለሥጋ ቤቱ ጉዳይ ያስፈልገናል" አለችኝ። በዳግማይ ትንሣኤ ነዋሪው ተሰብስቦ፣ ከብሎካችን ሥር ያለው የቦጋለ ሥጋ ቤት ይቀጥል ወይስ ይውጣ የሚለውን ይወስናል። ሰዉ ጀሞን ውሻ የወረራት በሱ አጥንት ነው ይላል።

እሺ አልኳት። ዝምተኛ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ዝምተኛ ሰው የሚጽፈውን ማንም አይጠረጥርም።

አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ባሌን የነከሰው የቦጋለ ውሻ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ሃያ ውሻ አየሁ። ስድስቱ ቀይ።

አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ፣ ሁለት መቶ አርባ። ለስድስት ሲካፈል አርባ። በአራት ብሎክ አርባ ውሻ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሀኒፋ ጣቶቼን አየቻቸው። "ዘኑ፣ ጥፍር መቀባት ጀመርሽ እንዴ? ባል መጣ በይኛ።"

"ቀለም ነካክቼ ነው።"

"እሱንማ አየሁ። ማነው ነው የምልሽ።"

እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። ቆይታም ብቻዋን ስትስቅ ከበሯ ኋላ ሰማኋት።

እሑድ፣ የካቲት 16፣ ቅበላ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ዛሬ ከሥጋ ቤቱ በር እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሰው ተሰልፎ ዋለ። አጥንቱ በገንዳው ዙሪያ ተበትኖ ውሾቹ ለመጣላት እንኳ ጊዜ አላገኙም።

አመሻሽ ላይ ቦጋለ እንደ ልማዱ መጣ። ነጩን ሽርጡን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ። በፌስታል የተጠቀለለ ጎድን ይዟል። በየዓመቱ ለቅበላና ለፋሲካ ያመጣል።

"ለቅበላ ነው ዘነቡ።"

"አስቀምጠው።"

ደፉ ላይ አስቀመጠ። ትንሽ ቆመ፤ ሄደ። እንደ ልማዴ እኔም ፌስታሉን ይዤ ወጥቼ ገንዳው አጠገብ ዘረገፍኩት። ሀኒፋ ልብስ ስትሰበስብ አየችኝ።

"ውሻ በዛ እያልሽ በፌስታል ጎድን ትበትኛለሽ?"

"የሱ ሥጋ ቤቴ አይገባም።"

"ታዲያ ራስሽንም መዝግቢያ። አንቺም አንድ ሥጋ ቤት ነሽ።"

መጽሐፉ አንድ ቦታ የሚችለው የተወሰነ ቁጥር ነው ይላል፤ የመሸከም አቅም ይለዋል። ምግቡ፣ ውኃው፣ መጠለያው የሚችለውን ያህል ይኖራል፤ ከዚያ የበለጠው ይራባል፣ ይታመማል፣ ይሰደዳል። ይህን ሳነብ የሰፈሬ ጾም ትዝ አለኝ። የኛ ውሾች ረቡዕና ዓርብን ያውቃሉ፤ በነዚያ ቀናት ወደ ሥጋ ቤቱ አይጠጉም። ነገ ለሃምሳ አምስት ቀን ይዘጋል። ቦጋለ ሲዘጋ ቁጥሩ ከወረደ፣ አቅሙ የሱ አጥንት ነበር ማለት ነው። ይህን በወረቀት አስፍሬ በሰው ፊት አነበዋለሁ። ድምፄን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልገኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አሥራ አንድ አየሁ፤ አምስቱ ቀይ። ሃያ ስድስት ገደማ መሆኑ ነው። እየወረደ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ቤተልሄም ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ በመስኮቴ ሥር ስታልፍ ሰማሁ። ልጅቷ ምሥጋና ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ለሰውም ለውሻም ሰላምታ ትሰጣለች።

"እማዬ፣ ይሄኛው ቀይ አለው።"

"ቀይ ያለው የተከተበ ነው፣ አይዞሽ። የምትሸሺው ሌላውን ነው።"

ከሁለት ዓመት በፊት የእንስሳት ሐኪሞች መጥተው ውሻ ሲከትቡ የተከተበውን ቀለም ይቀቡት ነበር። ያኔ ቀለሙ አረንጓዴ ነበር። ማንም አያስታውስም። እኔ አስታውሳለሁ።

መስኮቱን ከፍቼ ልነግራት ብዬ እጄ መወርወሪያው ላይ ደረሰ። ከዚያ ማን ቀባው ይባላል፣ ለምን ይባላል፣ ነገሩ ቦጋለ ጆሮ ይደርሳል። ደግሞም ቀይ ባለው ላይ ማንም ድንጋይ አይወረውርም፤ ለቆጠራው ይበጃል። ነገ እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

አልነገርኳትም። ሰሞኑን ሥራ በዝቶባታል።

ዛሬ ኮሚቴው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ጡረታ የወጣው ሾፌር አቶ ዋቅቶላ ተነስቶ፣ "ምን ያነጋግረናል? ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ መጣል ነው። በአንድ ሌሊት ያልቃሉ" አለ። ብዙዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አያልቁም" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዋቅቶላ "ወይዘሮ ዘነቡ ይናገራሉ እንዴ? እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ በምልክት ነው ሰላም የምላቸው" ሲል ተሳቀ።

አራት በር ነው ያለው አልኳቸው። መወለድ፣ መሞት፣ መግባት፣ መውጣት። እናንተ የምትነኩት አንዱን በር ብቻ ነው። እነዚህን ስትገድሉ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ አጥንቱ ግን አለ። ከለቡ በኩል፣ ግንባታው ካለበት፣ ሌሎች ይገባሉ። እነዚህን ቢያንስ እናውቃቸዋለን፤ የሚመጡትን ማን ያውቃቸዋል? ውሻ በበላበት ይጮኻል። የሚበላበትን ቦታ ተመልከቱ።

በዚህ ጊዜ ሰዉ ቦጋለን ማየት ጀመረ። ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ይደፋል ብዬ ጠበቅሁ።

"ልክ ናት" አለ። "አጥንቱን በሥርዓት መቅበር ነበረብኝ።"

እንዲህ ማለቱ አቃጠለኝ። ሰው ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ይዋሻል። እሱ ግን ቢላውን በእጄ አስይዞኝ ደረቱን ይሰጠኛል።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሰባት። አምስቱ ቀይ። አሥራ ሰባት ገደማ።

ከውኃ ታንከሩ ሥር የወለደችው ጥቁር ውሻ ከአምስት ቡችላ አንድ ቀርቷታል። ምግብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቁት ትንንሾቹ ናቸው ይላል መጽሐፉ። ብዛቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ጥሉም በሽታውም አብሮ ይበዛል። ቀሪዋን ቡችላ ቆሜ አየኋት። ምንም አልሰጠኋትም። ብሰጣት ቁጥሩ ይዛባል።

የንስሐ አባቴ ከቅዳሴ በኋላ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ማንን ነው ይቅር ያላልሽው?" አሉኝ።

"ማንንም" አልኩ።

"ማንንም ይቅር አላልሽም፣ ወይስ ማንም የለም?"

ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ትናንት ዒድ ነበር። ሀኒፋና ዘመዶቿ በግ አረዱ፤ ለኔም የጾም ሳምቡሳ ለይታ ላከችልኝ። አጥንቱ ገንዳው ውስጥ ነው።

ዛሬ አሥራ ሁለት አየሁ፤ ስድስቱ ቀይ። ሃያ አራት ይሆናል። ካለፈው ቆጠራ ሰባት ጨመረ። ቦጋለ ዝግ ነው። ከሱ ሌላ አጥንት የሚጥል እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ሁለት ደብተር ነው ያለኝ። አንዱ ይህ ነው። ሌላው ለስብሰባው በንጹሕ የምገለብጠው ነው። የዒዱን ሳምንት ንጹሑ ላይ አልጻፍኩትም። ሀኒፋን ነገር ውስጥ ላለማስገባት ነው።

ይህን ደግሜ አነበብኩት። ለሀኒፋ ብዬ አይደለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ውሾቹ በቀትር ይጣላሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከለቡ መንገድ የመጣ አንድ ባዕድ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ ግራጫ ውሻ፣ ጆሮው የተቀደደውን ቀዩን አንገቱ ላይ ነክሶት ሄደ። ግራጫውን ዳግመኛ አላየሁትም። "የገባ አንድ፣ የወጣ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።

የታሪኩ ነገር መጥቶብኛል። የዚያን ዓመትም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበር የዋለው፤ ልክ እንደ ዘንድሮ። በጸሎተ ሐሙስ ከሥራ ሲመለስ ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ውሻው እጁን ነከሰው። ትንሽ ነገር ነበረች። ቦጋለ እየሮጠ ወጥቶ "ውሻዬ ጤነኛ ነው ጋሼ ታሪኩ፣ ምንም አይሆኑም" አለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰኔ ላይ ታሪኩ ውኃ መዋጥ አቃተው። የእብድ ውሻ በሽታ ነው አሉን። አራት ቀን ብቻ ቆየ። በመጨረሻው ቀን ውኃ በብርጭቆ ሳሳየው እንደ ሕፃን ፊቱን ሸፈነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። "ጤነኛ ነው" ብሎ ነበር። ይህን ነው የያዝኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ምሥጋና ተነከሰች።

ቤተልሄም ደረጃው ላይ ለሀኒፋ ስትነግራት ሰማሁ። ባቷ ላይ ነው። ሁለት ጥርስ። ጭረት ናት፣ በሎሚ አጥቤያታለሁ አለች። ሀኒፋ "የምን ውሻ ነው?" አለቻት። "ቡናማ ነው። ግን ቀይ ምልክት አለው፤ የተከተበ ነው፣ ጌታ ይመስገን።"

በሬን ዘጋሁ።

ማታ

ስቀመጥ ስነሳ ቆየሁ።

ወጥቼ ቀለሙ የኔ ነው ብላት ልጅቷ ትከተባለች። ደብተሬ ግን አለቀለት። ያበደችው መበለት ውሻ ስትቀባ ከረመች ይባላል። ቦጋለ ፋሲካን ሥጋ ሲሸጥ ይውላል።

ሌላ መንገድ አለ። የቦጋለ ውሻ ነብሮም ቡናማ ነው። ነከሳት የምለው እሱን ነው። ልጅቷም ትከተባለች፣ ቦጋለም ይዋረዳል። ልጅቷ እስከተከተበች ድረስ በማን ስም ብትከተብ ምን ይጎድልባታል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቤተልሄም ልጇን ታበጥራለች። የምሥጋና ባት በጨርቅ ታስሯል። "እትዬ ዘነቡ፣ ውሻው ሰላም ስለው ነው የነከሰኝ" አለችኝ ልጅቷ።

"ቤቲ፣ የነከሳት የቦጋለ ውሻ ነው። በመስኮት አይቻለሁ።"

"ቀይ ነበረው እኮ እትዬ።"

"የቦጋለ ነው አልኩሽ። እሱ ውሻ አያስከትብም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬውኑ ውሰጃት።"

ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን አነሳች። ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ቦጋለ ነው የሄደችው። ይህን አላሰብኩም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁለቱም በሬ ላይ መጡ። ቤተልሄም የውሻ ክትባት ካርድ ይዛለች።

"ይኸው እትዬ፣ ተከትቧል። በጥቅምት ነው፤ ማህተሙን ይዩት። በየዓመቱ ነው የሚያስከትበው። እንዴት ነፍሴ መለስ እንዳለች።"

"ለማንኛውም ውሰጃት" አልኳት።

"ባሌ ለሥራ መስክ ወጥቷል፤ ብቻዬን ወዴት እላለሁ አሁን? በዓሉ ይለፍና አሳያታለሁ።"

ቦጋለ አልተቆጣም። ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቤተልሄም ደረጃውን እስክትወጣ ጠብቆ "ዘነቡ፣ ነብሮ ከቅዳሜ ጀምሮ ታስሮ ነው ያለው" አለ። ዋሽተሻል አላለኝም። ብቻ በዚያ በድሮው አስተያየት አየኝ።

በውሸቴ የቀይ ቀለሙን ሐሰት በካርድ አስመሰከርኩለት። እስከ ትናንት ግምት ነበር። ዛሬ ማህተም አለው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ከቅዳሴ ስመለስ አየሁት። ጆሮው የተቀደደው። ከታንከሩ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቀይ ሰረዜ ወገቡ ላይ አለች። መንጋጋው ወርዷል። ከታንከሩ የሚንጠባጠብ ውኃ ፊቱ ላይ ሲረጭ መላ አካሉ ተንዘፈዘፈ። እግሩ አልጸና ብሎ ወደቀ፤ ተነሳ።

ይህን ዐውቀዋለሁ። ከሰው ላይ አይቼዋለሁ።

ለዘበኛው የታንከሩን አጥር በር እንዲዘጋው ነግሬ ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩ። በሩ ተቆልፏል። የጸሎት ፕሮግራም አላቸው፣ አምሽተው ነው የሚመጡት አለችኝ ጎረቤቷ። ስልኳ ዝግ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲጨልም ወረድኩ። ይህንን በር ከፍቼ፣ ኮቴ እያዳመጥኩ ነው የምጽፈው።

"በዓሉ ይለፍ።"

ይህን ቃል ከቤተልሄም በፊት የት እንደሰማሁት ዐውቃለሁ። ሰማሁት አይደለም።

ኮቴ። መጡ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ትናንት ማታ ጠርሙሱን፣ ብሩሹን፣ ይህን ደብተር ይዤ ወጣሁ። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀለሙ የኔ ነው፣ አልተከተበም፣ ውሻው አብዷል፣ የቦጋለ ነው ያልኩት ውሸት ነው አልኳት። በአንድ ትንፋሽ።

ቤተልሄም ጠርሙሱን አነሳችው። "ቀይ የተከተበ ነው ስል ይሰሙ ነበር?" አለችኝ።

"እሰማ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከየካቲት።"

ልጇን ከተኛችበት አቅፋ ተነሳች። ቁስሉን በሳሙና፣ በሚወርድ ውኃ ረጅም ጊዜ አጠብነው። እጄን ከልጇ እግር ላይ ሁለት ጊዜ አነሳችው። ሁለት ጊዜ መልሼ አደረግሁት።

ዛሬ በጠዋት ቦጋለ በፒክአፑ ወሰደን። ማን እንደጠራው አላውቅም። ሁለት ቦታ መድኃኒቱ የለም ተባልን። ሦስተኛው ጋ ተገኘ። ተረኛዋ ነርስ "ደግ አደረጋችሁ፤ በዓል ይለፍ ብሎ ቀርቶ የሚመጣው ነው የሚያስፈራኝ" አለች። ቁስሉ ዙሪያ ወጓት፣ ክንዷን ወጓት። ምሥጋና አለቀሰች፤ ከዚያ ነርሷን ሰላም አለቻት።

መኪናው ውስጥ ስንመለስ ቤተልሄም "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ በሽታ እንዴት አወቁት?" አለች።

እኔ ሳልመልስ ቦጋለ መለሰ። መንገዱን እያየ፣ "ባሏን በዚህ ነው ያጣችው። የነከሰው የኔ ውሻ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

ዝም አልኩ። ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13፣ የፋሲካ ማግስት

ውሻው የስቅለት ዕለት ከታንከሩ ኋላ ሞቶ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሞች መጥተው ወሰዱት። ምሥጋና ዛሬ ሁለተኛውን ተወጋች።

ቦጋለ ትናንት ሥጋ አምጥቶ ነበር። ደፉ ላይ አስቀመጠ። አልበተንኩትም፤ አልሠራሁትምም። ለሀኒፋ ልስጥ ብል አትበላውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

የምርመራው ውጤት መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሥጋ ቤቱ ከተከፈተ ሳምንት ሊሆነው ነው። ሃያ ሁለት ውሻ ቆጠርኩ፤ አራት ብቻ ቀይ። በዘዴው ብሠራው ስድሳ ስድስት ይመጣል። ሐሰት ነው። ከቀባኋቸው የሞተ አለ፣ የሄደ አለ፤ ካየኋቸው ብዙዎቹ ትናንት የገቡ ናቸው። መጽሐፉ ከምዕራፉ ግርጌ፣ ይህ አቆጣጠር የሚያምነው በመካከሉ የገባም የወጣም ከሌለ ነው ይላል። ይህን መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐውቀዋለሁ። የሚስማማኝን ነበር የማነበው።

ነገ ስብሰባው ነው። ከምሳ በኋላ ሥጋ ቤቱ ሄድኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደጁን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ነብሮ ጅራቱን ወለወለልኝ።

"ለምንድነው ያልተናገርክብኝ?" አልኩት።

ቢላውን አስቀመጠ። "ምኑን?"

"ታውቀዋለህ።"

ሽርጡን ሲያስተካክል ቆየ። "ባልሽን ቀብረሽ እኔ ምን ልጨምርብሽ ኖሯል፣ ዘነቡ? የሚጠላ ሰው ያስፈልግሽ ነበር። እኔ ደግሞ ውሻውን አላስከተብኩም። ይበቃኛል ብዬ ነው።"

ይበቃኛል ብዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዝኖልኛል። በየቅበላው፣ በየፋሲካው በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣልኝ የነበረው ይኸው ነው። ውሻው ባሌን ነክሶ ከወሰደብኝ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። አልምረውም። ይህን ምሕረት ከእጁ ነጥቄ ካልወሰድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ግቢው ሞልቷል። አምሳለ "ወይዘሮ ዘነቡ፣ ቆጠራዎን" አለች። ቤተልሄም ምሥጋናን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፊት ነበረች። አላየችኝም።

ንጹሑን ደብተር ቤት ትቼው ይህን ነበር የያዝኩት። አርባ፣ ሃያ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ብዬ አነበብኩ። ዒድን አነበብኩ። በየቅበላውና በየፋሲካው እኔ ራሴ የበተንኩትን ሥጋ አነበብኩ። ሀኒፋ "ብያት ነበር" ስትል ተሰማኝ። ቀለሙ የኔ እንደሆነ፣ እየሰማሁ ዝም እንዳልኩ አነበብኩ። ዋቅቶላ ለቀልድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ትናንት ማታ የጻፍኩትን አነበብኩ። ቦጋለ ከኋላ ተነስቶ "ዘነቡ፣ ይህ ለስብሰባው አያስፈልግም" አለ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

ያነበብኩት ይህ ነው።

"ሚያዝያ 9 ቀን 2006፣ ጸሎተ ሐሙስ። ቀን ላይ ቦጋለ 'ውሻዬ ጤነኛ ነው' አለ። ማታ በሬን አንኳኳ። ታሪኩ ተኝቶ ነበር። 'ውሻው ምግብ እምቢ ብሏል። አላስከተብኩትም። ነገ በጠዋት ይወጋ፤ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ' አለኝ። ለበዓሉ ከአገር ቤት እንግዶች ይመጡብኝ ነበር። 'በዓሉ ይለፍ' አልኩት። በማግስቱም መጣ፤ 'ተኝቷል' ብዬ መለስኩት። ለታሪኩ አልነገርኩትም። በዓሉ አለፈ። ቁስሉ ደረቀ። ረሳሁት።"

ደብተሩን ዘጋሁ። ነዋሪው ሥጋ ቤቱ ይቀጥል፣ አጥንቱ በጉድጓድ ይቀበር፣ ገንዳው ክዳን ይኑረው፣ ውሾቹ ይከተቡ ብሎ ወሰነ። የሚከተበው ምን ቀለም እንደሚቀባ ወረቀት ተጽፎ በየደረጃው ይለጠፍ አለች ቤተልሄም። ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስወጣ ቦጋለ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠኝ ነገር አጥቶ አየሁት። አላዘንኩለትም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ምሥጋና ትናንት የመጨረሻውን መርፌ ተወጋች። ቤተልሄም አሁንም ሰላም አትለኝም። ልጅቷ ግን በመስኮቴ ሥር ስታልፍ እጇን ታነሳልኛለች፤ እናቷ እጇን ይዛ ታወርደዋለች። መብቷ ነው። ስንት ዓመት እንደምትቆይ እሷ ታውቃለች።

ቦጋለ ዛሬ መንገድ ላይ አገኘኝ። "ለሚመጣው በዓል ምን ላምጣልሽ?" አለኝ።

"ምንም። መጥቼ ተሰልፌ እገዛለሁ።"

ወደ ቤት ስገባ ከታንከሩ ሥር የጥቁሯ ውሻ ቀሪ ቡችላ ተኝታ አየኋት። አድጋለች። ወገቧ ላይ አዲስ አረንጓዴ ቀለም አለ። ደብተሩን አውጥቼ ጻፍኩ፦ ከአምስት አንድ።